ዓሣ ጎርጓሪ ሆኛለሁ

ሸማኔ መወርወሪያውን ሲልክ የሚሰማው «ሽው» የሚል ድምፅ አለ አይደል? ክሩ በጣቶቼ መካከል ሲያልፍ ያሰማው ድምፅ ልክ እሱን ነበር። ልዩነቱ የሸማኔው መወርወሪያ ሄዶ ይመለሳል፤ የእኔ ሄደ፣ ሄደ፣ አልመለስ አለ። ዓባይ ውስጥ ያለ አንድ ነገር፣ የማላየው፣ የማላውቀው፣ ከእኔ ጋር በአንዲት ቀጭን የናይሎን ክር የተሳሰረ ሕያው ነገር፣ ወደ ሸዋ በኩል ይዞኝ ሊሻገር ተነሣ። አርባ ሁለት ዓመቴ ነው። ሚስት አለችኝ፣ ልጆች አሉኝ፣ ደብረ ማርቆስ ውስጥ በቁም ነገረኛነቴ የምታወቅ ሰው ነኝ። እንደ እረኛ ልጅ ጮህኩ!

ይህን ጽሑፍ ረጋ ብዬ ልጽፈው ሦስት ጊዜ ሞክሬ ነበር፤ አልሆነም። ስለዚህ እንደመጣልኝ ልንገራችሁ፦ ዓባይ ውስጥ ዓሣ አለ! «ይሄ ደግሞ ምን ዜና ነው» እንደምትሉ አውቃለሁ። እኔም የማውቀው መስሎኝ ነበር። ከመጽሐፍ ማወቅና ክሩ ጣትህን እየላጠህ ማወቅ ግን ለየቅል ናቸው።

ነገሩን የጀመረው የአክስቴ ልጅ ነው። ካሊፎርኒያ፣ ሳክራሜንቶ ይኖራል፤ በሥራ ቀን የጭነት መኪና ይነዳል፣ ቅዳሜ ሲሆን ዓሣ አጥማጅ ነው። ባለፈው ታኅሣሥ ቀኑን ሙሉ ጀልባ ላይ ውሎ ቪዲዮ ላከልኝ። በአንድ ቀን ሁለት ዓይነት ዓሣ ይዟል። ጠዋት የያዘው ስትራይፕድ ባስ ይሉታል፤ ጎኑ ላይ በጥቁር ክር የተጠለፈ ጥለት የመሰለ መስመር ከራስ እስከ ጅራት ይሄዳል። ከሰዓት በኋላ የያዘው ስተርጅን ነው፤ በቅርፊት ፋንታ የአጥንት ጋሻ የደረደረ፣ የዘር ሐረጉ ከዳይኖሰሮች ዘመን የሚመዘዝ፣ ዕድሜው መቶ ዓመት ሊደርስ የሚችል ሽማግሌ ዓሣ። የአክስቴ ልጅ ስተርጅኑን በሜትር ለካው፣ ፎቶ አነሣው፣ ከዚያ መልሶ ለቀቀው። ለቀቀው! ባሱ ደግሞ የዚያ አገር ተወላጅ እንኳ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1879 ከአሜሪካ ምሥራቅ ጠረፍ 132 ትንንሽ ዓሦች በባቡር ተጭነው ሄደው ካሊፎርኒያ ውሃ ላይ ተለቀቁ፤ ዛሬ የእነሱ ዘሮች ሰውን ከነልጆቹ ወንዝ ዳር ያሳድሩታል። በቪዲዮው መጨረሻ የአክስቴ ልጅ ወደ ካሜራው ዞሮ «ወንድሜ፣ እናንተ ዓባይን የሚያህል ወንዝ ጓሮ አስቀምጣችሁ ምን ትሠራላችሁ?» አለኝ። እየቀለደ ነው። እኔ ግን ሌሊቱን እንቅልፍ በዐይኔ አልዞረም።

እውነት ምን እንሠራለን? ጎጃም ማለት እኮ ዓባይን እንደ መቀነት ሦስት ጎኑን የታጠቀ አገር ነው። ከግሽ ዓባይ ተነሥቶ ግልገል ዓባይ ሆኖ ጣና ይገባል፤ ከባሕር ዳር ይወጣና ወደ ደቡብ ምሥራቅ ይወርዳል፤ ጎጃምን እየዞረ ከስር ታጥፎ ወደ ምዕራብ ይሄዳል። እኛ ደጋው ላይ ሆነን እንዘፍንለታለን፣ እንፎክርበታለን፣ ግንድ ተሸክሞ የሚዞር ቤት አልባ እያልን እንተርትበታለን። ወርደን እጃችንን እንክተትበት ያለ ግን ብዙ የለም። ደብረ ማርቆስ ላይ፣ መንቆረር ትባል በነበረበት ዘመንም ሆነ ዛሬ፣ ገበታ ማለት ጤፍ ነው፣ ሽሮ ነው፣ ዶሮ ነው፣ ቅቤ ነው። ዓሣ የጾም ወሬ ነው፤ ዐቢይ ጾም ሲገባ ከባሕር ዳር ይመጣል፣ «ይበላል፣ አይበላም» እየተባለ ክርክር ይነሣበታል፣ ፋሲካ ሲደርስ ይረሳል። እኔ ራሴ ያደግሁት ጨሞጋ ዳር ነው። ጨሞጋ ከጮቄ ተራራ ወርዶ በከተማችን ጥግ ያልፍና ዓባይ ይገባል፤ ልጅ ሆነን ልብስ ስናጥብበት፣ ስንዋኝበት፣ ከብት ስናጠጣበት ውለን እንገባለን፤ ውሃው የት እንደሚደርስ፣ ከደረሰበት ማን እንደሚጠብቀው አንድ ቀን ጠይቀን አናውቅም። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ይባላል። እኔን አርባ ሁለት ዓመት የጠማኝ ዓሣ ኖሯል።

ከጥምቀት በኋላ በመጣው ቅዳሜ፣ ከሌሊቱ 10 ሰዓት፣ በጓሮዬ የቆፈርኩትን ትል በቆርቆሮ ይዤ ሚኒባስ ላይ ወጣሁ። ባለቤቴ በር ላይ ቆማ «ሰው ቤቱ ተቀምጦ ዓሣ ይገዛል» አለችኝ። ሰባ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በሉማሜ በኩል ደጀን ስንደርስ ጎህ ቀደደ። ከደጀን በኋላ ያለውን ቁልቁለት ስንት ጊዜ ወደ አዲስ አበባ ስሄድ አልፌበታለሁ፤ ሁልጊዜም ዐይኔን ጨፍኜ፣ ፍሬኑ እንዲይዝ እየጸለይኩ። በዚያ ቀን ግን መስኮቱ ላይ ተለጥፌ አየሁት። ከ2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ተነሥታችሁ 1,000 ሜትር ገደማ ላይ ታርፋላችሁ። ደጀን ላይ ጋቢ ለብሼ ነበር፤ ግማሽ መንገድ ላይ ሹራቤን አወለቅሁ፤ ታች ስደርስ የሸሚዜን ቁልፍ እፈታ ነበር። ገደሉ ራሱ መጽሐፍ ነው። ከላይ ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ፣ ከሥሩ ነጣ ያለ የኖራ ድንጋይ፣ ከታች ቀይ የአሸዋ ድንጋይ። ያ የኖራ ድንጋይ ይህ ምድር በባሕር ተሸፍኖ በነበረበት ዘመን የተነጠፈ ነው፤ የዚያ የሳክራሜንቶው ስተርጅን ቀደምቶች ይዋኙ በነበሩበት ዘመን ማለት ነው። ደጀን ቁልቁለት ላይ ያለው መኪና ሁሉ በባሕር ወለል ላይ እየነዳ እንደሆነ ብነግረው ሹፌሩ በመስታወቱ አየኝና ዝም አለ።

እዚህ ሸለቆ ውስጥ ቀድመውን የገቡ ሰዎች አሉ። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹና በ30ዎቹ ዳንግላ የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ሜጀር ቺስማን በእግርና በበቅሎ እየዞረ የዓባይን መታጠፊያዎች ካርታ ላይ አሠፈረ። እ.ኤ.አ. በ1968 ደግሞ ብላሽፎርድ ስኔል የሚባል እንግሊዛዊ መኮንን ጭፍራ አስከትሎ በጎማ ጀልባ ወረደበት። ወርደው ተመልሰው መጽሐፍ ጻፉ። እኛ በድልድይ ላይ እንሻገራለን።

ወንዙ ዳር የሚጠብቀኝ ሰው የሹፌሩ አጎት ነው፤ ስድሳውን ያለፈ፣ ቀጭን፣ ቁምጣ የለበሰ የቆላ ሰው። ከድልድዩ አካባቢ ጠባቂዎች ስላሉ ርቀን መሄድ ነበረብን፤ አንድ ሰዓት ያህል በማሽላ አገዳና በግራር መካከል ተጓዝን። በጥር ዓባይ ሌላ ወንዝ ነው። በክረምት የምናውቀው ያ ጭቃ የለበሰ፣ የሚያጓራ፣ ዛፍ የሚነቅል ነገር የለም፤ ውሃው ጠርቶ አረንጓዴ ሆኗል፣ አንዳንድ ቦታ ድንጋዩ ላይ እየተንሸራተተ ይስቃል፣ አንዳንድ ቦታ ዞሮ ቆሞ ያስባል። ሽማግሌው ያንን የሚያስበውን ቦታ በጣቱ አሳየኝ።

የማጥመጃ ዕቃውን ሳይ ልስቅ ነበር። የአክስቴ ልጅ ጀልባ ላይ ያየሁት የሚያብረቀርቅ ዘንግና የሚሽከረከር ማሽን የለም። አንድ ባዶ የሃይላንድ ውሃ ጠርሙስ አለ፤ በላዩ ላይ የናይሎን ክር ተጠምጥሟል፤ ጫፉ ላይ ለክብደት ከመኪና የወጣ ዳዶ ታስሯል፤ ከዳዶው አንድ ስንዝር ዝቅ ብሎ መንጠቆ። አለቀ። ደብረ ማርቆስ ላይ ከአንድ ኪሎ ሥጋ ባነሰ ዋጋ ይሟላል። ጠርሙሱን በግራ እጅህ ትይዛለህ፣ በቀኝ እጅህ ዳዶውን እንደ ወንጭፍ አዙረህ ትለቀዋለህ፣ ክሩ ከጠርሙሱ አንገት እየተፈታ ይከተለዋል። እኔ የመጀመሪያውን ወረወርኩና አጠገባችን ያለ ዋርካ ላይ ሰቀልኩት።

«ና ወዲህ» አለኝ። «ከውሃው ሦስት እርምጃ ራቅ ብለህ ቁም። አዞ አለ። ደግሞ እግርህን ቀስ አድርገህ አሳርፍ፤ ዓሣው ይሰማሃል።»

«አባባ፣ ዓሣ ጆሮ አለው እንዴ?»

«የለውም። ግን ይሰማል።»

ቤቴ ተመልሼ ሳነብ ነው የገባኝ፤ ሽማግሌው ልክ ነው፣ ግማሹን ብቻ ተሳስቷል። ዓሣ ከራስ ቅሉ ውስጥ የተደበቀ ጆሮ አለው። በተለይ እነዚህ የዓባይ ዓሦች፣ ነጭ ዓሣ የሚባለውም አምባዛ የሚባለውም፣ ሆዳቸው ውስጥ ያለውን የአየር ከረጢት ከጆሯቸው ጋር የሚያገናኙ ትንንሽ አጥንቶች አሏቸው፤ ከረጢቱ ከበሮ ይሆንላቸዋል፣ አጥንቶቹ የከበሮውን ምት ወደ ጆሮ ያደርሳሉ። እኔ እንደ ወታደር ባንኮሻኮሽኩ ቁጥር ውሃው ውስጥ ከበሮ ይመታ ነበር ማለት ነው!

የደጋ ትሌን አይቶ ሳቀብኝ። «የማርቆስ ትል ብርድ እንጂ ሌላ አያውቅም» ብሎ ከሣሩ ውስጥ ፌንጣ ይዞ መንጠቆው ላይ ሰካልኝ። ፌንጣው ውሃው ላይ ባረፈ በደቂቃ ውስጥ ክሩ ሁለት ጊዜ ነካ ነካ አደረገኝ፤ የሆነ ሰው ከኋላ ሆኖ ትከሻህን ሲነካህ እንደምትደነግጠው ደነገጥሁ። «ቆይ» አለኝ። ነካ። «ቆይ።» ከዚያ ጎተተ! እኔም ጎተትኩ! አንድ ነገር ውሃውን ሰንጥቆ ወጣና ጎኑን ለፀሐይ አሳየ፤ በእውነት ወንዙ ውስጥ መስታወት የተወረወረ ነው የመሰለኝ። ወደ ዳር ሳመጣው የክንዴ ርዝመት ነበረው። ጀርባው የወይራ ቅጠል ቀለም፣ ጎኑ ብር፣ ሆዱ ወደ ወርቅ የሚያደላ፤ ቅርፊቱ ትልቅ ትልቅ፣ አንዱ ባንዱ ላይ እንደ ጎጆ ክዳን የተደረደረ። ከከንፈሩ ዳር አራት ቀጫጭን ጢም ወጥቷል። ነጭ ዓሣ ይሉታል። እስከዚያች ቀን ድረስ ነጭ ዓሣ ማለት ለእኔ ሳህን ላይ የተጠበሰ ቡናማ ነገር ነበር።

ጣቴን አፉ ውስጥ ከተትኩ። ጥርስ የለውም። አንድም! ድዱ እንደ ሕፃን ድድ ለስላሳ ነው። «በምን ይበላል?» ብል ሽማግሌው ጉሮሮውን በጣቱ መታ መታ አደረገ። ጥርሱ ጉሮሮው ውስጥ ነው፤ ምግቡን ሲውጥ ነው የሚያኝከው። በመገረም ደርቄ ቀረሁ። በማግሥቱ የቻልኩትን ሁሉ ማንበብ ጀመርኩ፤ እስከ ዛሬ አላቆምኩም።

ያነበብኩት ነገር ደግሞ ከወንዙ ይብሳል። የዚህ ነጭ ዓሣ ዘመዶች ጣና ውስጥ 15 የሚሆኑ ዓይነት ሆነው ይኖራሉ፤ አብዛኞቹ በዓለም ላይ ሌላ የትም የሉም። ጢስ ዓባይ ላይ ውሃው 40 ሜትር ገደማ ከሚሆን ገደል ይወድቃል፤ ከታች ያለ ዓሣ ያንን ፏፏቴ ሊወጣው አይችልም። ስለዚህ ጣና ውስጥ የቀሩት ነጭ ዓሦች በሩ ተዘግቶባቸው ቤቱን ለብቻቸው ወረሱት። አንዱ ቤተሰብ ቦታውን ተከፋፈለ። አንዱ ከወለሉ ጭቃ የሚለቅም ሆነ፣ አንዱ ወፍራም ከንፈር አበጅቶ ከድንጋይ ሥር የሚጎረጉር ሆነ፣ አንዱ ሣር በሊታ ሆነ፤ ስምንት የሚሆኑት ደግሞ፣ ልብ በሉ፣ በአፋቸው አንድ ጥርስ ሳይኖራቸው ሌላ ዓሣ እያሳደዱ የሚበሉ አዳኞች ሆኑ። ጥርስ አልባ አንበሳ በሉት! ፊሊፒንስ ውስጥ ላናኦ በሚባል ሐይቅ እንዲህ ያለ ሌላ የዓሣ ቤተሰብ ነበር፤ ከውጭ የመጣ ዓሣ ተለቀቀበትና ጠፋ ማለት ይቻላል። ስለዚህ ከዚህ የዓሣ ወገን እንዲህ ያለ ትልቅ ቤተሰብ በሕይወት ያለው የእኛው ሐይቅ ውስጥ ብቻ ነው። ጀርመናዊው ሩፔል እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ ሲመጣ ጥቂቶቹን ስም ሰጥቶ መዘገበ፤ ከስሞቹ አንዱ «ጎርጓሪ» ነው። «ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል» የሚለው ተረታችን ትዝ ብሎኝ ብቻዬን ሳቅሁ፤ በኋላ የሚመጣውን አላወቅሁም ነበር። ሙሉውን ቤተሰብ በሥርዓት የለዩትና የጻፉት ሆላንዳውያኑ ናግልኬርኬና ሲቢንግ ናቸው፤ ብዙ ዓመት ጣና ላይ ውለው አድረዋል።

እዚህ ላይ ደስታዬን የሚቆርጥ ነገር መጣ፤ ልዝለለው ብል ኅሊናዬ እምቢ አለኝ። ከእነዚህ ዓይነቶች በርካታዎቹ ከነሐሴ እስከ ጥቅምት እንቁላል ሊጥሉ ከሐይቁ ወደ ወንዞች ይወጣሉ፤ ጉማራ፣ ርብ፣ ገልዳ፣ መገጭ፣ ግልገል ዓባይ። ወንዙ አፍ ላይ መረብ ከተዘረጋ እናት ዓሣ ከነእንቁላሏ ትያዛለች። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አጋማሽ ሞተር ጀልባና የናይሎን መረብ ጣና ከገቡ በኋላ፣ ከ1991 እስከ 2001 ባለው ጊዜ ብቻ የሚያዘው ነጭ ዓሣ በ75 በመቶ ገደማ እንደቀነሰ ተመራማሪዎች ጽፈዋል። በአሥር ዓመት! የደንገል ታንኳ ግን ስንት መቶ ዓመት ዓሣ ሲያወጣ ኖረ፤ ሐይቁም ሳይደክም ሰጠ። ይህን ሳነብ የሽማግሌው ሃይላንድ ጠርሙስ ዐይኔ ላይ መጣ። አንድ ክር፣ አንድ መንጠቆ፣ አንድ ዓሣ። የረቀቀ የማጥመጃ ዕቃ አምሮኝ ነበር፤ ትቼዋለሁ።

ወደ ወንዙ ልመለስ። እስከ ስድስት ሰዓት ሦስት ነጭ ዓሣ ያዝን፤ ሁለቱን እሱ፣ አንዱን እኔ። ትንሿን እሱ ራሱ ከመንጠቆው ፈትቶ «ሂጂ እደጊ» ብሎ መለሳት። ከዋርካው ጥላ ሥር ፍም ሠራ፣ ዓሣውን ከጎኑ በቢላ ተለተለው፣ ጨውና ሚጥሚጣ በጣቱ እየከተተ አሸው። ከደብረ ማርቆስ ያመጣሁትን እንጀራ ዘረጋን፤ ሎሚ ከየት እንዳመጣ አላውቅም። እንዴት ብዬ ልንገራችሁ? ቆዳው ፍሙ ላይ ይንጫጫል፣ ሥጋው በጣት ሲነካ ይፈርሳል፣ ጭሱ ውስጥ የግራር ሽታ አለ። እሾሁ ብዙ ነው፤ አልዋሽም። ነጭ ዓሣ የሚበላ ሰው ወሬ ማቆም አለበት። እኔ፣ ምግብ ላይ ሳልናገር ውዬ የማላውቅ ሰው፣ ግማሽ ሰዓት ዝም አልኩ።

ስንበላ ሽማግሌው ከማዶ ያለውን ዛፍ አሳየኝ። ብርብራ ነው። ድሮ በበጋ፣ ውሃው ወደ ኩሬ ኩሬ ሲቆራረጥ፣ የብርብራን ፍሬ ወቅጠው ይበትኑበት ነበር፤ ዓሣው ሰክሮ ሆዱን ወደ ላይ አድርጎ ይንሳፈፋል፤ ሰው በቅርጫት ይሰበስበዋል። «ትልቁም ትንሹም፣ የሚበላውም የማይበላውም» አለኝ። «እኔም በልጅነቴ አድርጌዋለሁ። በማግሥቱ ስትመጣ ኩሬው እንደ ቀብር ዝም ይላል።» ከዚያ በላይ አልተናገረበትም። በነገራችን ላይ እኛ ስንጨዋወት አንዲት ጦጣ መጥታ የትሉን ቆርቆሮ ይዛብኝ ሄደች። የደጋው ትል በመጨረሻ ፈላጊ አገኘ።

ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ ሰውንም ዓሣንም አስተኛ። እኔ ሊበቃኝ ነበር። ሽማግሌው ግን «ጌታው ገና አልመጣም» አለኝ። አሥር ሰዓት ሲሆን ሌላ ቦታ ወሰደኝ፤ ውሃው ከትልቅ ዐለት ጀርባ ዞሮ የሚቆምበት፣ ታችኛው የማይታይ፣ ጥቁር። መንጠቆው ላይ አሁን ፌንጣ አይደለም የሰካው፤ የዶሮ አንጀት፣ ቀኑን ፀሐይ ላይ የዋለ፣ ሽታው ከሩቅ የሚጣራ። ወረወርኩ። ዳዶው ወለሉን ሲነካ በክሩ ላይ «ቲክ» ብሎ ተሰማኝ። ከዚያ ምንም። ፀሐይ ከገደሉ ጫፍ ወረደች፤ ሸለቆው ቶሎ ነው የሚጨልመው። ምንም። ትንኞች መጡ። ምንም።

«አምባዛ አይነካካም» አለኝ ሽማግሌው በሹክሹክታ። «ይወስዳል።»

ወሰደ። አሁን ወደ ጽሑፌ መጀመሪያ ተመለስን፤ ያ የሸማኔ ድምፅ ይኸው ነው። ክሩ ሄደ፣ ጣቴን ላጠኝ፣ ሃይላንዱ እጄ ላይ እንደ እንዝርት ዞረ፣ እኔ ጮህኩ፣ ሽማግሌው «አትጎትት! አትጎትት! አድክመው!» ይላል፣ እኔ «አባባ፣ ይኸው እየወሰደኝ ነው!» እላለሁ። ነጭ ዓሣ ሲያዝ ይዘላል፣ ይንፈራገጣል፣ ያብረቀርቃል። ይሄ ግን ከወለሉ ላይ ተጣብቆ በዝግታ፣ ሳይቸኩል፣ እንደ ባለ ርስት ይሄዳል። ሃያ ደቂቃ ሳይሆን አይቀርም፤ ለእኔ ግማሽ ዓመት ነው። በመጨረሻ በምሽቱ ደብዛዛ ብርሃን ከውሃው ጠርዝ ላይ አንድ ሰፊ፣ ጠፍጣፋ፣ ጥቁር ራስ ወጣ፤ ጢሙ ወዲህና ወዲያ ይወዛወዛል፤ ከኋላው ረጅም ገላ እንደ እባብ ተጥመለመለ።

«ዘንዶ!» አልኩ። ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ አወጣ! በተረት አርባ ዓመት ስሰማው የኖርኩት ዘንዶ እዚህ ነው ያለው፤ ጢም አለው፤ ይተነፍሳል!

ይተነፍሳል ስል ለማጋነን አይደለም። ሁለት ክንድ የሚሆነው ይህ ፍጡር ሣሩ ላይ ተጋድሞ አፉን እየከፈተ አየር ይስብ ነበር። አምባዛ ከስንጥቡ ሌላ ከራሱ ውስጥ እንደ አበባ ጎመን የተቆላለፈ አካል አለው፤ በእሱ እንደ እኛው አየር ይተነፍሳል። ኩሬው ሲደርቅ ጭቃ ውስጥ ይቆያል፤ ሲያስፈልገው በክንፉና በገላው እየተገፋ በእርጥብ ሣር ላይ ወደ ሌላ ኩሬ ይሄዳል። በእግር የሚሄድ ዓሣ! ስምንት ጢም አለው፤ በጢሙ ይቀምሳል፣ በገላው ሁሉ ይቀምሳል፤ በጨለማ ውስጥ የሌላውን እንስሳ የኤሌክትሪክ ምት እንኳ ይሰማል። ከዚህ እስከ ደቡብ አፍሪካ፣ ከዚህ እስከ ቱርክ ያለውን ውሃ የሞላው እሱ ነው። ከአንድ ሜትር ተኩል የሚረዝም እንዳለም ተመዝግቧል። የአክስቴ ልጅ ስለ ስተርጅኑ የነገረኝን ሁሉ አስታወስኩ። ያ ጢም፣ ያ ከወለል የማይነሣ ጭንቅላት፣ ያ ሽማግሌነት። የእኛው ስተርጅን ዓባይ ውስጥ ተኝቷል፤ የአጥንት ጋሻ እንኳ አላስፈለገውም።

ቅርፊት የለውም። ይህቺ ነገር ደጋውን ሁሉ ታጨቃጭቃለች። ኦሪት ዘሌዋውያን ክንፍና ቅርፊት የሌለውን የውሃ ፍጡር አትብሉ ይላል፤ ስለዚህ ነጭ ዓሣንና ቀረሶ የሚባለውን ዓሣ ሳያቅማማ የሚበላ ሰው አምባዛ ሲቀርብለት ፊቱን ያዞራል። ሽማግሌውም አይበላውም። «ለመንገደኛ እሸጠዋለሁ» አለኝ፤ መንገዱ ላይ የሚቆሙ የከባድ መኪና ሹፌሮች ይወስዱታል። እኔ በዚህ ክርክር ውስጥ አልገባም፤ የንስሐ አባቴ ይህን ጽሑፍ ያነቡታል። የማውቀው፣ ያንን ትንፋሹን እየሰማሁ ቢላ እንዲወጣ አልፈለግሁም።

«ስንት ይሸጣል?» አልኩት። ነገረኝ። አወጣሁና ሰጠሁት። ከዚያ ዓሣውን በሁለት እጄ አቅፌ፣ በጣም ያሙለጨልጫል፣ ከባድ ነው፣ እንደ ሕፃን ይዋጋል፣ ወደ ውሃው ሄድኩ። ሽማግሌው አዞውን ረስቶ ተከተለኝ። ዓሣው አንድ ጊዜ ውሃው ላይ ቆመ፣ ጢሙን ዘረጋ፣ ከዚያ ጨለማው ውስጥ ገባ።

«ዕድሜዬን ዓሣ ሸጬአለሁ» አለ ሽማግሌው፤ «ገዝቶ ለዓባይ የሚመልስ ደንበኛ ግን ዛሬ አየሁ።» ከዚያ የሳቀው ሳቅ ገደሉን ዞሮ መጣ።

ለባለቤቴ አንድ ነጭ ዓሣ በኮባ ጠቅልዬ ይዤላት ሄድኩ። ከምሽቱ አራት ሰዓት ደረስኩ፤ ልብሴ የዶሮ አንጀት ይሸታል፣ ጣቴ በጨርቅ ታስሯል። ምንም ሳትል ጠበሰችው። ሁለት ጊዜ ጎረሰች። «እሾሁ ባይበዛ» አለችና ሦስተኛውን ጎረሰች። ቅዳሜ ቅዳሜ አሁን የት እንደምውል አትጠይቀኝም፤ ስንት እንደያዝኩ ነው የምትጠይቀኝ።

እናንተ የማርቆስ፣ የደጀን፣ የሉማሜ፣ የአማኑኤል ሰዎች! ሰኔ ሳይገባ፣ ውሃው ሳይደፈርስ ውረዱ። ወንዙን የሚያውቅ የቆላ ሰው ይዛችሁ፣ ከውሃው ሦስት እርምጃ ርቃችሁ፣ ለትንኙ ረጅም እጅጌ ለብሳችሁ። ብርብራውን ዛፉ ላይ ተዉት፤ መረብም አታምጡ። ባዶ ሃይላንድ፣ ክር፣ መንጠቆና አንድ ዳዶ ይበቃል። ዳዶ ያጣ ሰው ቤቴ ይምጣ፤ አሥራ አንድ አሉኝ።